ሱባዔና ርኅራኄ፤ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና ስለ ይዋስፍ ታሪክ

በደሴና በሐይቅ ከተማ የተማሩ ሰዎች በተሰበሰቡበት ስፍራ ስለ ገዳምና ስለ ሱባዔ ነገር የተነሣ እንደ ሆነ ሁለት ዓይነት ቃል ይሰማል። አንደኛው ወገን፤ «ድኻ በመንገድ ዳር ወድቆ ሳለ በዓቱን ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው ለማን ይጠቅማል? ጸሎቱ እንጀራ አይሆን፤ ዝምታው ቍስል አያጥብ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ገዳምን የሚያመሰግን መስሎ፤ «የዓለሙን ነገር ትቼ ነፍሴን ላድን ወደ ሱባዔ እሄዳለሁ፤ ሌላው ለራሱ ይወቅ» ይላል። እነዚህ ሁለቱ ሲናገሩ ለሚሰማቸው ሰው ተቃዋሚዎች ይመስሉታል። ዳሩ ግን ነገሩን ለመረመረው ሁለቱም በአንድ ሐሳብ የተስማሙ ናቸው፤ ይኸውም ሰው ሱባዔ የሚገባው ለራሱ ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ ነው። አንዱ ይህን ነቅፎ፤ ሌላው ይህን ወድዶ ይናገራል እንጂ ሌላ ልዩነት የላቸውም። እንግዲህ ሐሳቡ ራሱ ሐሰት መሆኑ የታወቀ እንደ ሆነ ሁለቱም ክርክሮች በአንድ ጊዜ ይወድቃሉ።

ወቃሹ ወገን ግን ባዶ እጁን የመጣ አይደለምና አስቀድሞ ማስረጃውን መስማት ይገባል። ወሎ መከራን በወሬ ብቻ የሚያውቅ አገር አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ዝናም ቀርቶ አዝመራው በጠፋ ጊዜ የወሎ ገበሬ ከነልጆቹ ከደጋውም ከቈላውም ወጥቶ በትልቁ መንገድ ዳር እጁን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ የዚያን ጊዜው መንግሥትም ነገሩ እንዳይሰማ ይሸፍነው ነበር። በ1977 ዓ.ም. በኮረም ሜዳ ላይ የታየው የረሃብ ሥቃይ ደግሞ ዓለምን ሁሉ አስለቀሰ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ወሎ በገባ ጊዜ ከራያና ከወልድያ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ በውጫሌና በሐይቅ አድርጎ ወደ ደሴ ጐረፈ፤ የደሴ ትምህርት ቤቶችም የስደተኛ ማደሪያ ሆኑ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ደረሰባቸው፤ ከተሞቹም እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ በትግራይ ተዋጊዎች እጅ ቈዩ። ይህን ሁሉ ያየ ሰው፤ «በዚህ ጊዜ በዋሻ መቀመጥ ምን ይረባል?» ብሎ ቢጠይቅ፤ ጥያቄው ከርኅራኄ የመጣ ነው እንጂ ከክሕደት የመጣ አይደለም። ስለዚህ በቍጣና በግዝት ሳይሆን በምክንያት ሊመለስለት ይገባል።

መልሱም ከሩቅ አይፈለግም፤ በዚያው በሐይቁ ዳር ይገኛል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያደጉበት የምንኵስና ቤት በትግራይ የሚገኘው ደብረ ዳሞ ነው፤ መምህራቸውም አባ ዮሐኒ ነበሩ። ደብረ ዳሞ በገመድ ካልሆነ በቀር የማይወጣበት አምባ መሆኑን ያላየው እንኳ ሰምቶ ያውቀዋል። እንግዲህ ምንኵስና ከሰው መሸሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ፤ ለመሸሽ ከደብረ ዳሞ የሚሻል ስፍራ ከወዴት ይገኛል? ሰውዬው ግን በዚያው ገመድ ወረዱ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1248 ዓመት ገደማ ረጅሙን መንገድ ተጕዘው ወደ አምሐራ አገር መጡና፤ በዚያን ዘመን በውሃ የተከበበ ደሴት በነበረው፤ ዛሬ ከየብስ ጋራ ተያይዞ እንደ ልሳን በወጣው በሐይቅ እስጢፋኖስ ተቀመጡ። በዚያም በዓታቸውን ትምህርት ቤት አደረጉት። መጻሕፍትን ሰበሰቡ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1280 ወይም በ1281 ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ ዘመናቸው ከታወቀው ጥንታውያን የኢትዮጵያ መጻሕፍት አንዱ ነው። ደቀ መዛሙርትን ተቀበሉ፤ ከእነዚህም አንዱ በኋላ በሸዋ ደብረ አስቦን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ ይህም ገዳም ኋላ ደብረ ሊባኖስ ተባለ። ሌሎቹም እስከ ጣና ደሴቶች ድረስ ተበተኑ። የሐይቅ አበምኔቶች «ዐቃቤ ሰዓት» የሚለውን መዓርግ ይዘው ከነገሥታት ዘንድ የሚቀርቡ አማካሪዎች እስከ መሆን ደረሱ። የሐይቅ በር የሚዘጋ ብቻ ሳይሆን የሚከፈትም በር እንደ ነበረ ታሪኩ ይመሰክራል።

ወቃሹ ግን በዚህ አይረካም። «ማስተማር መልካም ነው፤ ነገር ግን የተራበ ሰው መጽሐፍ አይበላም» ይላል። እውነቱን ነው። ዳሩ ግን ረሃብ ምን እንደ ሆነ ጠልቆ ያየ ሰው ነገሩ በእንጀራ ብቻ እንደማይፈታ ያውቃል። የሕንድ ተወላጅ የሆነው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ስለ ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ረሃብ መርምሯል። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ በጠቅላላው የነበረው እህል እጅግ እንዳልጐደለ፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ የተፈራውን ያህል እንዳልናረ፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አገር የተጫነ እህል እንደ ነበረ ጽፏል። የጠፋው ድኻው እህሉን የሚገዛበት አቅም ነበረ። እንግዲህ እህል ሳለ ሰው በረሃብ ከሞተ፤ ከጐተራው ሌላ የጐደለ ነገር አለ ማለት ነው። የሚያይ ዓይን፤ የሚራራም ልብ ጐድሏል። የእህል ጐተራ በአንድ ዓመት አዝመራ ይሞላል፤ የርኅራኄ ጐተራ ግን ከወዴት ይሞላል? ይህን ጥያቄ ወቃሹ ራሱ ሊመልሰው ይገባል። ከገበያ ነውን? ከገበያ የሚሸመተው ትርፍ ነው። ከመሥሪያ ቤት ነውን? በ1966 ዓ.ም. ነገሩን የሸፈነው መሥሪያ ቤት ነበር። ርኅራኄ የሚማሩት ነገር ከሆነ የሚማሩበት ቤት ያስፈልገዋል፤ ያም ቤት በዓት ነው።

ይህ ቃል የገዳም ሰው ለራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ብቻ እንዳይመስል፤ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ሌላ ምስክር አለ። እርሱም ሳይታወቅ በኢትዮጵያ መጻሕፍት መካከል አራት መቶ ሰባ ዓመት ያህል ተቀምጦ የኖረ ነው። ከየመን አገር መጥተው ክርስትናን የተቀበሉት፤ በኋላም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም፤ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1553 «በረላምና ይዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰዋል። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ አንድ የሕንድ ንጉሥ ልጁ ይዋስፍ በሽታንና እርጅናን ሞትንም እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘግቶ ያሳድገዋል። ልጁ ግን አንድ ቀን ወጥቶ ሕመምተኛና ሽማግሌ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ ዕረፍት ያጣል። በዚህ ጊዜ በረላም የተባለው ባሕታዊ ከምድረ በዳው ይነሣና የነጋዴ ልብስ ለብሶ፤ «የከበረ ዕንቍ አለኝ» እያለ ወደ ቤተ መንግሥቱ ገብቶ ልጁን ያስተምረዋል። ይዋስፍም አምኖ፤ ኋላም ነግሦ፤ አባቱንም ወደ ሃይማኖት መልሶ፤ በመጨረሻ ሀብቱን ለድኻ ሰጥቶ ዘውዱን ለሌላ ትቶ ወደ በረሃ ይሄዳል።

ሊቃውንት ይህን ታሪክ በየቋንቋው እየተከተሉ ምንጩን በፈለጉት ጊዜ ከቡድሃ የሕይወት ታሪክ ደረሱ። ስሙም እንኳ ራሱን ያስረዳል። በሳንስክሪት «ቦዲሳትቫ» የሚለው ቃል በዐረብኛ «ቡዛሳፍ» ተባለ፤ በዐረብኛ ጽሕፈት በቃል መጀመሪያ ላይ «በ»ና «የ» የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ስለ ሆነ፤ ከጸሓፊዎች ስሕተት የተነሣ «ዩዛሳፍ» ሆነ፤ ከዚያም በሌሎች ቋንቋዎች እየተላለፈ ይዋስፍ ተባለ። እንግዲህ ከሐይቅ በወጡት ደቀ መዝሙር የተመሠረተው ገዳም አለቃ፤ ስሙ ቦዲሳትቫ ማለት የሆነ ሰው ታሪክ ወደ ግእዝ መለሱ። ይህን ነገር አስቦ የማይደነቅ አንባቢ ማን ነው?

ቦዲሳትቫ ማለት በቡድሃ ተከታዮች ዘንድ፤ በተለይም ማሃያና በሚባለው ወገን፤ የራሱን ዕረፍት ብቻ ፈልጎ የማይረካ፤ ፍጥረት ሁሉ ከሥቃይ እንዲወጣ ስለት ተስሎ የሚደክም ሰው ነው። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለውን ተረት ገልብጦ የሚኖር ሰው ማለት ነው። ነገር ግን ይህን ስለት የተሳለ ሰው ወዲያው ወደ አደባባይ አይሮጥም፤ አስቀድሞ ወደ ጫካ ወይም ወደ ዋሻ ይገባል። በ8ኛው መቶ ዓመት በሕንድ በናላንዳ ገዳም የነበረው መነኵሴ ሻንቲዴቫ ስለዚህ መንገድ በጻፈው መጽሐፍ፤ ስለ ተመስጦ የሚናገረው ምዕራፍ በብቸኝነትና በጫካ ኑሮ ምስጋና ይጀምራል፤ እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ግን ራስን በሌላው ሰው ስፍራ አስቀምጦ ሥቃዩን እንደ ራስ ሥቃይ ማየትን ወደ ማስተማር ይሻገራል። ይህ የምዕራፉ አካሄድ የነገሩን ሥር ያሳያል፤ ወደ ብቸኝነት የገባው ሰው በመጨረሻ ያገኘው ባልንጀራውን ነው።

የአሠራሩም ሥርዐት እንዲህ ነው። ተመስጦ የያዘው ሰው አስቀድሞ ለራሱ ደኅንነትን ይመኛል፤ ቀጥሎ ለሚወደው ሰው፤ ቀጥሎ ለማይወደውና ለማይጠላው ለመንገደኛው፤ ከዚያም ለጠላቱ፤ በመጨረሻ ለፍጥረት ሁሉ። በየደረጃው ልቡ እንቢ ባለው ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ይጀምራል። ዳዊት የሚደግም ሕፃን ያልያዘውን ቃል እየመላለሰ እንደሚያጠና፤ ርኅራኄም በመመላለስ ይጠናል። ይህንም ለማድረግ ጸጥታ የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጥ ነው። በገበያ መካከል የሚኖር ሰው ቍጣውን አያየውም፤ ይሠራበታል እንጂ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ግን ቍጣውና ቂሙ ፍርሃቱም አንድ በአንድ ወደ ፊቱ ሲመጡ ያያቸዋል፤ ያየውን ነገር ደግሞ መግዛት ይችላል።

በዚህ ስፍራ ከካህናት ወገን አንዱ ተነሥቶ፤ «ከቡድሃ ተከታዮች ጋራ ምን ኅብረት አለ? ፈጣሪን እንደ ቤተ ክርስቲያን አያስተምሩ፤ ስለ ትንሣኤ አይናገሩ» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ የሃይማኖቱ ልዩነት ታላቅ ነው፤ ልዩነቱን መሸፈንም ለማንም አይጠቅምም። ዳሩ ግን አባ ዕንባቆም ይዋስፍን በተቀበሉት ጊዜ ሃይማኖታቸውን አልለወጡም፤ መልካሙን ነገር በራሳቸው ሃይማኖት አንብበው ለሕዝባቸው ሰጡ። ደግሞም ነገሩ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ካህኑ በቅዳሴ ጊዜ መስተብቍዕ ሲያደርስ ስለ ሕሙማን፤ ስለ ነጋድያን፤ ስለ ዝናም፤ ስለ ምድር ፍሬ፤ ስላንቀላፉትም ይለምናል፤ የሰሚው ልብ ከአንዱ ችግረኛ ወደ ሌላው ችግረኛ እየተሻገረ እንዲሄድ የተሠራ ሥርዐት ነው። ችግሩ ሥርዐቱ አለመኖሩ አይደለም፤ ከንፈር ሲያደርሰው ልብ ከቤት መቅረቱ ነው። የሩቅ አገር መነኵሴ በአንዱ ችግረኛ ላይ ልቡን ለማቆም ወር ሙሉ ሲደክም፤ የራሱን መስተብቍዕ በጥድፊያ የሚጨርስ ካህን ከእርሱ አንዳች መማር አያሳፍረውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ተከራካሪ፤ ነፍሴን ብቻ ወደሚለው መመለስ ይገባል፤ ከወቃሹ ይልቅ ገዳምን የሚጐዳው እርሱ ነውና። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በአምባሰል ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ነው። ዳገቱ ጭንቅ ነው፤ ወጪውም ድካሙም ክብር ይገባዋል። ነገር ግን በዚያው ዳገት ግራና ቀኝ ዕውርና አንካሳ፤ ሕመምተኛና ሕፃን የያዘች እናት ተቀምጠው ይለምናሉ። መስቀሉን ለመሳለም የሚቸኵል ሰው እነርሱን ዘልሎ ያልፋል። መስቀል በምን ምክንያት እንደ ተተከለ የጠየቀው ቢኖር ምን ይመልሳል? በወንጌል ምሳሌ ቍስለኛውን አይተው ያለፉት ካህንና ሌዋዊ ወደ ዘፈን ቤት የሚሄዱ ሰዎች አልነበሩም። ሌላው ደግሞ ሰባት ቀን ሱባዔ ይገባል፤ ጥሬ ይቈረጥማል፤ ከሰው አይነጋገርም፤ በስምንተኛው ቀን ወደ ከተማ ይመለስና በጓሮው ባለች አንዲት ክፍል በተጠጋ ተፈናቃይ ላይ ኪራይ ይጨምራል። የዚህ ሰው ሰባት ቀን ወዴት ሄደ? ሆዱ ጾሟል፤ ልቡ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጾመም። እንደዚህ ያለው ሱባዔ ወቃሹ ከሚናገርበት ነቀፋ ይልቅ የባሰ ነቀፋ ይገባዋል፤ ወቃሹ ባያምን ያዝናል፤ ይህኛው ግን አምኖ አያዝንም።

ደግሞ ለወቃሹም የሚነገር አንድ ቃል ቀርቷል። ያለ ጸጥታ የሚሠራ ቸርነት ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይደክማል። የሚሰጠው ሰው ምስጋና ባላገኘ ጊዜ ይቈጣል፤ ሦስተኛው ለማኝ በመጣ ጊዜ ይሰለቻል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ርኅራኄው ከወገኑ ድንበር ላይ ይቆማል። በጦርነቱ ወራት በየከተማው የታየው ይህ ነው። ለራሱ ወገን ስደተኛ እንጀራ ተሸክሞ ሲሮጥ የዋለ ቸር ሰው፤ ማታ ስለ ጠላት ወገን ሕፃን ሲነገረው ፊቱ ይጠቍራል። ይህን ሰው ክፉ ማለት አይገባም፤ ቍስለኛ ነውና። ነገር ግን ቍስሉ ካልተፈወሰ ለልጁ ያወርሰዋል፤ ልጁም ሌላ ጦርነት ይወልዳል። ከራስ ጀምሮ በወዳጅና በመንገደኛ አልፎ ወደ ጠላት የሚደርሰው ያ አስቸጋሪ ትምህርት የሥራ ፈቶች ጨዋታ አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል። የወሎ ምድር ዛሬ ከእህልና ከመድኃኒት ጋራ ይህን ትምህርት ይፈልጋል።

ሱባዔ የሚገባውም ሰው የሚበላው ከወዴት እንደሚመጣ ማሰብ አለበት። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ባይለምን፤ ባለቤቲቱም ከልጆቿ ጕርሻ ቀንሳ ባትሰጥ፤ የሐይቅ ትምህርት አንድ ወር አይቈይም ነበር። የወሎ መንደር ደግሞ የተቀላቀለ መንደር ነው፤ በሐይቁ ዙሪያ የሚያርሰው የተሁለደሬ ገበሬ አብዛኛው እስላም ነው፤ በወሎ የሚኖሩ የእስልምና ሼኾችም ኸልዋ ገብተው ከሰው ተለይተው የመጸለይ ልማድ አላቸው። እንግዲህ የባሕታዊው ዝምታ በብዙ እጆች የተሸከሙት ዝምታ ነው፤ ከእነዚያም እጆች አንዳንዱ በሌላ ሃይማኖት የሚጸልይ ነው። የተሸከሙትን ሰዎች ረስቶ «ብቻዬን ነኝ» የሚል ባሕታዊ የቈመበትን መሬት ክዷል።

ስለዚህ ከተሜው ገዳምን ሲመዝን፤ ገዳማዊውም ራሱን ሲመረምር፤ መለኪያው አንድ ይሁን። ስንት ቀን ጾመ፤ ስንት ሰዓት ቆመ ተብሎ አይጠየቅ፤ ይህ በር ከዘጋ ሰው የሚፈለግ ቍጥር አይደለም። ይልቅስ በሩ በተከፈተ ቀን መጀመሪያ የደረሰበትን ለማኝ እንዴት ተቀበለው? ከመግባቱ በፊት የጠላውን ሰው ስም ዛሬ ሲሰማ ምን ይሰማዋል? በደጁ የተጠጋው ስደተኛ ከሱባዔው በኋላ ቀለለው ወይስ ከበደው? ለእነዚህ መልስ ያለው ሰው ሰባት ቀንም ሰባት ዓመትም ቢዘጋ ለአገር ተቀምጧል፤ መልስ የሌለው ግን በአደባባይም ቢሮጥ በበዓትም ቢዘጋ ለራሱ ብቻ ኖሯል።

በረላም ዕንቍ አለኝ ብሎ ከምድረ በዳ ወደ ከተማ ገባ፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በገመድ ወርደው ወደ ሐይቅ መጡ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ደሴትም በዘመናት ብዛት ከየብስ ጋራ ተያይዟል፤ ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ታንኳ ሳይፈልግ በእግሩ ይደርሳል። በዚያ መንገድ ለጸሎት የሚገባ ሰው ሁሉ፤ ያው መንገድ ወደ ድኻው ቤት የሚመልሰው መሆኑን ከመግባቱ በፊት ይወቅ።